ሽንኩርት ሲዋጋ የሳቀው ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ልጆች የሥዕል መጻሕፍት ናቸው። አንዱ ሌላውን ስለሚያነሳ አንድ ላይ አቀረብናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምንኖረው። ስድስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ። ታናሽ እህቴ ቻይና ተምራ ስትመለስ የልጆች የሥዕል መጻሕፍት አመጣችለት። ቋንቋውን ስለምትችል ከየሥዕሉ ሥር አማርኛውን በእርሳስ ጻፈችለት። ከዚያ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አይነካም። በተለይ አትክልቶች የሚዋጉበትን በቃሉ ይዞታል። ገበያ ስንሄድ ካሮቱን «ጄኔራል» እያለ ሰው ያስቃል። እኔ የገዛሁለት የአማርኛ ተረቶች አልጋ ሥር ናቸው። ባለቤቴ «ልጁ የሰው ባህል እየተጋተ ነው፣ ሰብስቢያቸው» ይለኛል። እኔ ደግሞ እንደዚያ ሲስቅ እያየሁ እጄ አልሄድልሽ አለኝ። ምን ላድርግ? የአራት ኪሎዋ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ አትሰብስቢያቸው። የባለቤትሽ ስጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጃችሁ ያንን መጽሐፍ በቃሉ የያዘው በአማርኛ ነው። የሚያነበንበው አክስቱ በእርሳስ የጻፈችለትን ነው። የጦርነት ተረት በአማርኛ ሲነገር «ዘመተ»፣ «ጦር ሰበቀ»፣ «ድል ሆነ» የሚሉ ቃላት መግባታቸው አይቀርም። የዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ እነዚህን ቃላት ሌላ የት ይሰማል? የግል ትምህርት ቤቱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ካርቱኑ በእንግሊዝኛ። አክስቱ ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ አመስግኑልኝ።

አሁን ወደ አትክልቶቹ እንምጣ። መጽሐፉን የሣለው ዦው ሺያንግ የሚባል ቻይናዊ ሠዓሊ ነው። ግጥሙ ግን የሰሜን ቻይና ልጆች ሲያዜሙት የኖሩት የቃል ግጥም ነው። ከከተማው በር ወጣ ብሎ፣ በስተምሥራቅ፣ አንድ የአትክልት ቦታ አለ። ለጥቂት ቀን ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ያጣና አትክልቱ ሁሉ ነፍስ ይዘራል። አንዱ ፍጅል ይነግሣል፣ ቀዩ ፍጅል ንግሥት ትሆናለች። ጎረቤት ያለው የሎተስ (ጭቃ ውስጥ የሚበቅል፣ ሥሩ የሚበላ ተክል) ሥር ይህን ሰምቶ ይንጨረጨርና የጦርነት ደብዳቤ ይልካል። ቡቃያዋ ተንበርክካ ወሬውን ታደርሳለች። ካሮት የጦር አዛዥ ሆኖ ይዘምታል። ልጅሽ ካሮቱን ጄኔራል የሚለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግርግር ነው ልጆችን በሳቅ የሚገድላቸው። ቀጭኑ አረንጓዴ ሽንኩርት የብር ጦሩን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ደበርጃን ሆዱን ነፋ አድርጎ ይጠብቀዋል። ሽንኩርት ተላትሞ በአናቱ ይተከላል። ኪያር በጠረባ ይማታል። አፈ ጠማማው ቅል መድፉን ሦስት ጊዜ ያጮኸዋል። እንግዲህ ነጭ ሽንኩርት ተሰነጣጥቆ ፍሬ በፍሬ የሆነው በዚያ መድፍ ነው፤ ቃሪያ የቀላውም፣ ደበርጃን ሐምራዊ የሆነውም በዚያው ነው። የሎተሱ ንጉሥ እንደማይችል ሲገባው ጭቃ ውስጥ ጥልቅ ይላል። እስከ ዛሬ የሚቆፈረውም ከዚያው ከጭቃው ነው።

እስቲ ምን ምን እንዳለፈ ተመልከቺ። ንጉሥና ንግሥት፣ ተንበርክኮ ወሬ የሚያደርስ መልእክተኛ፣ በደብዳቤ የሚታወጅ ጦርነት፣ ጦር ይዞ የሚወጣ አዛዥ አለ። የድሮው ቤተ መንግሥት ወግ ገብቷል፣ ጓዳው ገብቷል፣ የቃል ግጥሙ ምት ገብቷል። «ልጆች ሆይ፣ ባህላችሁን እወቁ» የሚል መስመር ግን የለም። ጨዋታው ለትምህርት ማባበያ ተብሎ የተለጠፈ አይደለም። አያቶች ለልጅ ልጆች ያወረሱት ራሱ ጨዋታው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከኋላው ተከትሎ ይገባል።

እኛ ዘንድም እንዲሁ ነበር እኮ። በቡሄ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየደበደቡ «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል፣ ያችን ድግስ ውጬ ውጬ፣ ከድንክ አልጋ ተገልብጬ» ሲሉ፣ አጋፋሪ ማን እንደሆነ የሚያውቁ ስንቶቹ ናቸው? የቤተ መንግሥት ግብር ላይ እንግዳ የሚያስገባ ሹም መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። በልቶ በልቶ ከአልጋ የተገለበጠው ሰውዬ ስለሚያስቃቸው ግን ቃሉ ይኸው አለ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ «አባዬ፣ አጋፋሪ ምንድነው?» ይላል። የአባትየው ተራ የሚደርሰው ያኔ ነው። ሳይጠየቅ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ይህችኛዋ አምስት ደቂቃ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ።

አልጋ ሥር ስላሉት መጻሕፍት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ካየኋቸው የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ አንዲት የደበዘዘች ሥዕል፣ ቀጥሎ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ «ከታሪኩ ምን እንማራለን?» የሚል ፈተና አላቸው። ልጅ ፈተና ሲሸተው ይሸሻል። ሥዕሉም ጽሑፉ ያለውን ብቻ ይደግማል። በጥሩ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግን ሥዕሉ ጽሑፉ ያላለውን ይናገራል፤ ማንበብ የማይችለው ልጅ ማንበብ ከሚችለው አባቱ ቀድሞ የሚያየው ነገር አለ። ይህች ቀድሞ ማየት ለልጅ ትልቅ ደስታ ናት።

የእኛም ጥሩዎች አሉ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ባለ ቀለም ሥዕል አድርገው አሳትመውታል። እናቱ ትናንት እንዲህ ማድረግ ነበረብህ ያለችውን ዛሬ በማይሆን ነገር ላይ የሚፈጽም ልጅ ነው ማሞ። ካሮት ጄኔራል ያሳቀው ልጅ በማሞም ይስቃል።

ለባለቤትሽ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ ስጪው። ዛሬ ማታ የአህያ፣ የፍየልና የውሻን የመኪና ጉዞ ይንገረው። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ስለወረደች መኪና ቢመጣ አትደነግጥም፣ መንገድ መሃል ትገተራለች። ፍየል ሳትከፍል ስላመለጠች መኪና ባየች ቁጥር ትፈረጥጣለች። ውሻ መልሱን ስላልተቀበለ እስከ ዛሬ እየጮኸ ይከተላል። ረዳቱን፣ «ሒሳብ!» የሚለውን ድምፅ፣ የፍየሏን ሩጫ እየሠራ ይንገረው። ከነጭ ሽንኩርቱ ተረት ጋር አንድ ዓይነት ቀልድ ነው። ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኛቸው የራሱን ወገን የሚረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ አስተምራለሁ። ልጆች ማንበብ ያለባቸው ስለሚያስደስታቸው ነው የሚለው ነገር በዝቷል። እኛ ያደግነው በ«ታሪክና ምሳሌ» ነው፤ ከእያንዳንዱ ታሪክ ምክር ይዘን ነበር የምንወጣው። ቻይናዎቹም ቢሆኑ የጥንቱ ፈላስፋ የኮንፊሽየስ አገር ሰዎች ናቸው። ትልቅ በማክበርና በሥነ ሥርዓት ነው ባህላቸውን ያቆዩት። ጨዋታ ብቻ ከሆነ ቁም ነገሩ የት ይግባ? መምህሩ

መልስ፦ መምህር፣ «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲያነሱ ደስ አለኝ። ግን ከበደ ሚካኤልን እስከ ዛሬ በቃልዎ የያዟቸው ለምን ይመስልዎታል? ቤት ስለሚመታ፣ እንስሳቱ ስለሚናገሩና ስለሚከራከሩ ነው። ምክሩን ብቻ አውጥተው በስድ ንባብ ቢጽፉት ኖሮ ከፈተናው ማግስት ይረሱት ነበር። ደራሲው ይህን በደንብ ያውቁ ነበር።

ስለ ቻይና ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ለዘመናት ለልጅ የሚሰጠው ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሥነ ምግባር የሚሰብክ ነበር። ከታወቁት አንዱ ወላጆቻቸውን ያከበሩ ሃያ አራት ልጆችን ታሪክ የሚናገረው ነው። ይህ መጽሐፍ በአንድ ልጅ ላይ ምን እንዳደረገ ልንገርዎት። ልጁ ሉ ሹን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1881 ሻውሺንግ ከተማ የተወለደው፣ በኋላ የዘመናዊው የቻይና ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ስም የሆነው። ከሃያ አራቱ አንዱ ጉዎ ጁ የሚባል ድሃ ነው። እናቱ ከድርሻዋ ለልጅ ልጇ እያካፈለች ስትራብ አይቶ፣ እናቱን ለመመገብ ሕፃን ልጁን ከነሕይወቱ ሊቀብር ጉድጓድ ይቆፍራል። ሲቆፍር ወርቅ ያገኛል፤ ልጁም ይተርፋል። ትንሹ ሉ ሹን ሥዕሉን አይቶ ፈራ። የእነሱም ቤት እየደኸየ ነበር፣ ወላጆቹ ስለ ገንዘብ ሲጨነቁ ይሰማ ነበር። አባቴም ቢቆፍርና ወርቅ ባያገኝስ አለ። አያቱን ማየት እንኳ አስፈራው። አያትን ለማስከበር የተሣለ ሥዕል ልጁን ከአያቱ አራቀው።

የዚሁ ልጅ ሁለተኛ መጽሐፍ ደግሞ አለ። ሞግዚቱ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። «የተራሮችና የባሕሮች መጽሐፍ» የሚባለውን ጥንታዊ መጽሐፍ እንደሚመኝ ስላወቀች ግን ከእረፍቷ ስትመለስ ፈልጋ ገዝታ አመጣችለት። ወረቀቱ ርካሽ፣ ሥዕሉ ሸካራ ነበር። ግን ዘጠኝ ራስ ያለው እባብ አለበት። ራሱ ከተቆረጠ በኋላ ጡቶቹን ዓይን፣ እምብርቱን አፍ አድርጎ ጋሻና መጥረቢያ ይዞ የሚጨፍር ተዋጊም አለበት። ሉ ሹን ጎልማሳ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1926 ሁለቱንም መጻሕፍት ጽፎባቸዋል። የመጀመሪያውን በምሬት ነው የሚያስታውሰው። ሁለተኛውን ግን «ከሁሉ የምወደው መጽሐፌ» ይለዋል፤ ያቺን ሞግዚትም በፍቅር ያነሳታል።

እንግዲህ ከሁለቱ ባህሉን ያስተላለፈለት የትኛው ነው? ራሱ ተቆርጦ እንኳ የማይሸነፈው ተዋጊ በቻይና እስከ ዛሬ የእንቢታ ምልክት ነው። ትልቅ ቁም ነገር አለው። ልጁን የያዘው ግን እምብርት አፍ ሲሆን ማየቱ ነው።

ስለዚህ ምክርዎን አይጣሉት። ከተረቱ በፊት ወይም በኋላ አይለጥፉት ብቻ። ልጆቹ ታሪኩን እንዲጫወቱት ያድርጉ፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዷ ጦጣ ትሁን። ጦጣዋ ለምን እንዳታለለች ክርክሩን ራሳቸው ያነሳሉ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ያን ሁሉ ዓመት ትውልድ ያሳደጉት በድምፃቸው፣ በልብሳቸውና በፊታቸው እየተጫወቱ ነበር።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከፒያሳ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። እናቷ አረብ አገር ለሥራ ከሄደች ቆየች። የሥራ ባልደረባዬ አባቷ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣላት አንዲት ቻይናዊት ልጅ የሚናገር የሥዕል መጽሐፍ አዋሰችኝ። እያየሁት እኔ ራሴ አለቀስኩ። ለልጄ ላንብብላት ወይስ ቁስሏን መቀስቀስ ይሆናል? አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንብብላት። ቁስሉ ሳይነበብም አለ።

መጽሐፉ የዩ ሊቾንግና የሠዓሊው ጁ ቼንግሊያንግ መሆን አለበት፤ ለቻይንኛ የልጆች የሥዕል መጻሕፍት የሚሰጠውን የፌንግ ዚካይ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኘው። ማውማው የምትባለዋ ልጅ አባት ሩቅ ቦታ ቤት ሲገነባ ይከርምና ለቻይና አዲስ ዓመት ብቻ ይመጣል። ቻይና ውስጥ ከትውልድ ቀያቸው ርቀው የሚሠሩ ሰዎች በመቶ ሚሊዮኖች ስለሚቆጠሩ ይህ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። የእኛም ሰፈር ታሪክ ነው።

አንተን ያስለቀሰህ መለያየቱ ነው። ልጅህ ግን ሌላ ነገር ልታይ ትችላለች። ማውማው መጀመሪያ አባቷን ትፈራዋለች፤ ሲያቅፋት ጢሙ ይወጋታል፣ ታለቅሳለች። ጸጉሩን ሲቆረጥ በመስታወት ውስጥ ቀስ በቀስ የድሮውን አባቷን መምሰል ይጀምራል። ከዚያ በበዓሉ ከሩዝ ዱቄት የሚድቦለቦለው ምግብ ውስጥ አንድ ሳንቲም ይደብቃል፤ ያገኘ ዕድለኛ ነው። ነክሳ ታገኘዋለች። በበረዶ ስትጫወት ይጠፋባታል፣ ታለቅሳለች፣ ማታ ከኮቷ ውስጥ ዱብ ይላል። ሊሄድ ሲል ለእሱው ትሰጠዋለች፤ ስትመለስ እንደገና እንደብቀዋለን ብላ። የበዓሉ ወግ በሙሉ በዚያች በተደበቀች ሳንቲም ገብቷል። ናፍቆቷንም ልጅቷ የምትይዘው በሳንቲሟ ነው።

ስታነብላት አታብራራ። እናቷን ካነሳች አዳምጣት፤ ካላነሳች ገጹን ግለጥ። ሌላው ደግሞ፣ በቪዲዮ ስትደውሉ ልጅቷ ቤት ውስጥ አንድ ሳንቲም ትደብቅና እናቷ የት እንዳለ ትገምት። «ደህና ነሽ? በላሽ?» ብቻ ከሆነ የአምስት ዓመት ልጅ ስልኩ ላይ አትቆይም። ጨዋታ ካለ ትቆያለች።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ነው የምኖረው። ለልጅ ልጄ «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» ትልና ወዲያው «አያቴ፣ ሥዕሉ የት አለ?» ትለኛለች። ሥዕል አልችልም። ከስልኩ ጋር መወዳደር አቃተኝ። አያት

መልስ፦ አባታችን፣ ሥዕሉን እሷ ትሣለው። በእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘው በርዎን የሚያንኳኩትን ልጆች ያስታውሱ፤ ማን አስተማራቸው? እርስዎ ቃሉን ይስጡ፣ እሷ ቀለሙን ትስጥ።

አራት ነጭ ወረቀት ደርበው መሃል ለመሃል አጥፈው በመርፌና ክር ይስፉት። አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። የሥዕል መጽሐፍ ትልቁ ጉልበቱ ገጹ ሲገለጥ ነው። በቀኝ ገጽ ይጠየቃል፣ ሲገለጥ ይመለሳል። እኛ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ጨዋታ አለን፤ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ»። በቀኙ ገጽ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ብለው ይጻፉ። ስትገልጠው ወንዙ ገጹን ሞልቶ ይምጣ። ላላወቀ ሰው «አገር ስጠኝ» የሚል ገጽ በመሃል ካስገቡበት፣ የትኛውን አገር እንደምትቀበል ሥላ ትወስን።

እንቆቅልሹ ሲያልቅ ወደ ታሪክ ይሂዱ። ሺዮንግ ሊያንግ የሚባለው ቻይናዊ ሠዓሊ፣ ለልጆች መጻሕፍት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ለሚሰጠው የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2018 ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ የነበረው፣ ስለ አንድ ትንሽ የድንጋይ አንበሳ መጽሐፍ አለው። አንበሳው የከተማዋ ጠባቂ ነው፣ ግን ከድመት ያንሳል። የሄዱትን፣ የመጡትን ሁሉ ያስታውሳል። እርስዎ ደግሞ ያሉት የአንበሳ ሐውልት ባለበት ከተማ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው የድንጋዩ አንበሳ አለ። ለገሃር ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ለንግሥ በዓል ቆሞ፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት፣ በ1960ዎቹ ተመልሶ ቦታው የገባ ነው። አንድ ቅዳሜ ይዘዋት ይሂዱ። «ሮም እያለ ማን ናፈቀው?» ብለው ይጠይቋትና መልሷን ይጻፉት። አንበሳውን ስትሥል ፈገግ ቢል፣ ወይም ሻንጣ ይዞ ቢቆም፣ «አንበሳ እንደዚህ አይደለም» ብለው አያርሟት።

የመጽሐፉን ሽፋን ላይ የሁለታችሁም ስም ይግባ። ሲያልቅ ፎቶውን ይላኩልን፤ በሚቀጥለው ዕትም ብናወጣው ደስ ይለናል።